ከሰል ሲጠግብ አይናገርም

(ስለ ውኃ ማጣሪያ ከሰል መለወጫ ጊዜ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማወሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲመረምሩት ግን የቤተ ሰብ ጤና የተንጠለጠለበት ሆኖ ይገኛል። በደሴና በኮምቦልቻ በመኖሪያ ቤቶችም ሆነ በመሥሪያ ቤቶች የውኃ ማጣሪያ ተተክሎ ማየት ተለምዷል። አንዳንዱ ከቧንቧው ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዳንዱም ከላይ ውኃ ተሞልቶበት ከታች የሚቀዳ ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ ነው። በአብዛኞቹ ውስጥ ጥቁር ከሰል አለ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያ ከሰል የገባበትን ቀን ታውቁታላችሁን?

የመንግሥት ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈን ደብዳቤ ቁጥሩንና ቀኑን ከመዝገብ አውጥቶ ለማሳየት አይቸገርም። ልጆቹ በየቀኑ የሚጠጡት ውኃ የሚያልፍበት ከሰል መቼ እንደ ተለወጠ ሲጠየቅ ግን፣ ብዙውን ጊዜ «ውኃው ጥሩ ነው፤ ምንም አይልም» ብሎ ይመልሳል። የንግግሬ ዓላማ ይህ መልስ ስለምን እንደማያስተማምን ማስረዳት፣ በእርሱም ፈንታ ምን ዓይነት መልስ ሊኖረን እንደሚገባ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ከሰሉ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ለማጣሪያ የሚሆነው ከሰል በጆንያ ገዝተን ቡና የምናፈላበት ከሰል አይደለም። ባለሙያዎች አክቲቬትድ ካርቦን ብለው የሚጠሩት ነው። ከኮኮነት ቅርፊት፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ከሰል ይዘጋጅና ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በእንፋሎት ይመታል። እንፋሎቱ ከሰሉን ውስጥ ለውስጥ እየበላ ዓይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች ያበጅለታል። የእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ የ1 ግራም ከሰል ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በእፍኝ የሚያዝ ከሰል የበርካታ ኳስ ሜዳዎችን ስፋት በውስጡ ይዟል ማለት ነው።

የከሰሉ ሥራ በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ይፈጸማል። በውኃው ውስጥ የሟሟ ቀለም፣ ሽታና ብዙ ዓይነት ኬሚካል ሲያልፍ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከሰል ቀለምን ከፈሳሽ እንደሚያነሣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በሴንት ፒተርስበርግ አስተዋለ። በ1915 ደግሞ ኒኮላይ ዜሊንስኪ የተባለ ሩስያዊ ሊቅ ከሰልን ወታደርን ከመርዝ ጋዝ በሚያድን ጭምብል ውስጥ አዋለው። ዛሬ በቤታችን ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራውም ይኸው ኃይል ነው።

ይሁን እንጂ ገጹ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ወሰን አለው። የግምጃ ቤት መደርደሪያ ሲሞላ ተጨማሪ ዕቃ እንደማይቀበል፣ ከሰልም የያዘው ነገር ገጹን ሲሸፍነው ሌላ መያዝ አይችልም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ግምጃ ቤት ሲሞላ ገብቶ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰል ሲሞላ ግን ቅርጹ አይለወጥም፤ ቀለሙም ያው ጥቁር ነው፤ ውኃውም እንደ ወትሮው ይወርድበታል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። አጥብቆ የሚለጠፍ ነገር በመጣ ጊዜ ቀድሞ ላላ ብሎ ተለጥፎ የነበረውን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ የጠገበ ከሰል ለጥቂት ጊዜ ከሚገባበት ይልቅ የሚወጣበት የበዛ ሊሆን ይችላል።

እንግዲያው መጥገቡን በምን እናውቃለን? ሰው ምስክር አድርጎ ሊጠራቸው የሚችል ሦስት ነገሮች አሉ፤ ዓይን፣ ምላስና ልኬት። በየተራ እንመርምራቸው።

ስለ ዓይን ምስክርነት ለመናገር ጥቂት ራቅ ብለን መሄድ ያስፈልገናል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው ይመላለስ የነበረው በአሰብ ወደብ ነበር። ያ መንገድ የሚያበቃበት ቀይ ባሕር ኮራል በሚባለው ፍጥረት የታወቀ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለውና የኖራ ድንጋይ ቤት እየሠራ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። በሌላው ዓለም ይህን ኮራል ከዓሦች ጋር በቤታቸው፣ አኳሪየም በሚሉት የመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። በገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ለብዙ ጊዜ እዚያው ስለሚዞር፣ ከምግብ ትራፊና ከዓሦቹ እዳሪ የሚወጣው ነገር ውኃውን ቀስ በቀስ ብጫ ያደርገዋል። ይህን ብጫነት ለማንሣት ከሰል ይጠቀማሉ፤ ስለዚህም ከሰሉ የሚለወጥበት ጊዜ ዘወትር ያሳስባቸዋል።

እነዚህ ሰዎች የደረሱበት አንድ ቁም ነገር አለ። ገንዳውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ውኃው ብጫ መሆኑን አያስተውልም። ለውጡ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚመጣ ዓይን ከእርሱ ጋር አብሮ ይለምዳል። ስለዚህ አንድ ነጭ ሰሌዳ ወስደው ግማሹን ፈዘዝ ያለ ብጫ ይቀቡና ከገንዳው በአንደኛው ጫፍ ያቆሙታል፤ ከዚያም በሌላው ጫፍ ሆነው በውኃው ርዝመት አሻግረው ይመለከቱታል። ነጩ ከብጫው አልለይ ካለ ከሰሉ መለወጫው ደርሷል ማለት ነው። ሌላም ትምህርት አላቸው። ከሰሉን ለብዙ ጊዜ ችላ ብለው በአንድ ቀን ብዙ አዲስ ከሰል ቢጨምሩ ውኃው በድንገት ይጠራል፤ ብጫው ይጋርደው የነበረው ብርሃን በኃይል ይገባና ኮራሉን ይጎዳዋል። ስለዚህ ጥቂት ከሰል በተወሰነ ጊዜ መለወጥን ይመርጣሉ።

ከዚህ የምንማረው ዓይን ብቻውን ሲተው እንደሚለምድ፣ ማነጻጸሪያ ሲሰጠው ግን እንደሚመሰክር ነው። ሆኖም በእኛ ቤት የዓይን ምስክርነት ከዚህም የደከመ ነው። የቧንቧ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ቀለም የለውም። ገብቶ የጠራ፣ ወጥቶም የጠራ ከሆነ ዓይን ስለ ከሰሉ ምን ሊነግረን ይችላል?

ሁለተኛው ምስክር ምላስ፣ ከእርሱም ጋር አፍንጫ ነው። የቧንቧ ውኃ ተሕዋስያንን እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ውኃው ከተጠቃሚው ሲደርስ በ1 ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖርበት ይመክራል። ክሎሪን የበዛበት ውኃ በጀበና ሲገባ የቡናውን ጣዕም እንደሚለውጥ ቡና የምታፈላ ሁሉ ታውቃለች። ደኅና ከሰል ይህን ክሎሪን ያጠፋዋል። ስለዚህ የክሎሪኑ ሽታ በተጣራው ውኃ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ከሰሉ ደክሟል ማለት ነው።

ይህ ምልክት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ከሰል ክሎሪንን የሚያጠፋው በገጹ ላይ በሚደረግ የኬሚካል ለውጥ ስለሆነ ይህ ችሎታው ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሌሎች የሟሟ ኬሚካሎች፣ ለምሳሌም ክሎሪን ራሱ በውኃው ውስጥ ካለ የበሰበሰ ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚያስገኛቸው ውሕዶች፣ ከእርሱ አስቀድመው ሾልከው ማለፍ ይጀምራሉ። እንግዲህ ምላስ «ደክሟል» ብሎ በሚመሰክርበት ቀን ሌላው ካለፈ ሰንብቷል።

ቢራ ጠማቂዎችና ለስላሳ መጠጥ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በምላስ ላይ አይተማመኑም። ከሰል የሞላባቸውን ሁለት በርሜሎች አከታትሎ መትከል የታወቀ ዘዴ ነው። ውኃው ከአንደኛው ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ በመካከል እየተቀዳ ይመረመራል። አንደኛው ማሳለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ይይዛል፤ እነርሱም የመጀመሪያውን ይለውጣሉ። ለቤታችንም የሚሆን ቀላል መሣሪያ አለ። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው የክሎሪን መመርመሪያ በውኃ ላይ ሲጨመር ክሎሪን ካለበት ሐምራዊ ቀለም ያሳያል። ከማጣሪያው በፊት ያለውን ውኃና ከማጣሪያው በኋላ ያለውን በሁለት ብርጭቆ አድርጎ ማወዳደር ከምላስ የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ ዓይንም፣ ምላስም፣ አፍንጫም ፈጽመው የማይመሰክሩበት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ነው። በዝዋይ፣ በመቂና በወንጂ አካባቢ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በብዛት ይገኝበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1 ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚህ በላይ የሆነ ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ያጎብጣል። ፍሎራይድን ተራ የማጣሪያ ከሰል አይዘውም። ስለዚህ በዚያ አገር በአንዳንድ መንደሮች ከከብት አጥንት የተሠራ ከሰል ሥራ ላይ ውሏል። የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል፤ እርሱም ግን ይጠግባል። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ሽታም የለውም። ውኃውን ማፍላት ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። በዚያ ስፍራ ከሰሉ መጥገቡን የሚናገር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ውኃውን ወስዶ መለካት ነው። «ምንም አይልም» እያለ የሚጠጣ አባት የልጁ ጥርስ ሲበልዝ ያውቀዋል፤ የበለዘ ጥርስ ደግሞ ወደ ቀድሞ ነጭነቱ አይመለስም።

ከእነዚህ ከሦስቱ የምንደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። ከሰሉ ራሱ ስለማይናገር የሚለወጥበት ቀን መወሰን ያለበት በገባበት ቀን ነው። ይህም ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መዝገብ መያዝ ማለት ነው።

አያያዙም እንዲህ ነው። ፊልተሩ በተገዛ ጊዜ በመያዣው ላይ ስንት ሊትር እንደሚያጣራና ስንት ወር እንደሚያገለግል ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 3000 ሊትር የሚል ነው እንበል። ቤተ ሰቡ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያጣራ ከሆነ 3000 ለ20 ሲካፈል 150 ቀን፣ ማለትም 5 ወር ይሆናል። የሊትሩ ቁጥር ሳይሞላ የወሩ ቁጥር ከቀደመ ወሩን መከተል ነው። ሁለቱን ቀኖች፣ የገባበትንና የሚወጣበትን፣ በወረቀት ጽፋችሁ ከማጣሪያው ላይ ለጥፉ። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ውኃውን ሲያደፈርሰው ከሰሉ የሚሸከመው ስለሚበዛ፣ ከክረምት በኋላ ቀኑን ቀደም ማድረግ ይገባል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ከተቋረጠ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውኃ በማጣሪያው ሳያሳልፉ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ብልኅነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የውኃው አወራረድ ነው። ማጣሪያው ውኃ ማውረድ ሲያዘገም ተዘግቷል ማለት ነው፤ ጠግቧል ማለት ግን አይደለም። መዘጋት የጭቃና የአሸዋ ነገር ነው፤ መጥገብ የሟሟ ነገር ነው። ፈጥኖ የሚያወርድ ማጣሪያ የጠገበ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ ነው። ሻማውን በብሩሽ አሽቶ ማጠብ ከውጪ ያለውን ቆሻሻ ያስለቅቃል፤ በውስጡ ያለውን ከሰል ግን አያድስም። ሦስተኛው ከሰሉን አውጥቶ በፀሐይ ማስጣት ወይም መቀቀል ነው። ከሰል የሚታደሰው በፋብሪካ ውስጥ እንደ ተሠራበት ባለ ብርቱ ሙቀት ነው እንጂ በፀሐይና በድስት አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለቱ ከተሞቻችን ልዩነት ልናገር። ደሴ በጦሳ ሥር በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሐረጎ ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ኮምቦልቻ ግን በ1850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ይህ ልዩነት በማጣሪያ ውስጥም ይሠራል። ከሰል ክሎሪኑን ካጠፋው በኋላ ውኃውን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ነገር የለም። በከሰሉ ገጽ ላይ የተጠራቀመውም ለተሕዋስያን ምግብ ይሆናቸዋል፤ ሙቀት ባለበትም ፈጥነው ይራባሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፊልተር በደሴና በኮምቦልቻ ቢተከል የኮምቦልቻው የበለጠ ክትትል ይፈልጋል።

በተለይም ውኃ ሳያልፍበት እርጥቡን ተዘግቶ የቆየ ከሰል አደገኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ዘግቶ ተሰዶ ነበር። ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ መመለሳቸው ኅዳር 27 ቀን ከተነገረ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ዳግመኛ አይምጣ እንጂ፣ ለዓመት በዓልም ሆነ ለሥራ ጉዳይ ቤት ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የተጻፈው ቀን ባይደርስም ከሰሉን ለውጡት።

ከዚህ ጋር ከሰል የማይሠራውንም ሥራ ማወቅ ይገባል። ከሰል ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይገድላል ብላችሁ አትታመኑበት። ጨውንና በጀበና ውስጥ ቅርፊት የሚሠራውን ኖራም አያነሣም። የሚያጠራጥር ውኃ መፍላት አለበት። ከፍታው ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በታች 1 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። በዚህ ደንብ የደሴ ሰው 3 ደቂቃ፣ የኮምቦልቻ ሰው 1 ደቂቃ ያፈላል ማለት ነው። ተጣርቶ የሚቀመጥ ውኃም በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ቶሎ መጠጣት አለበት።

በመጨረሻ ስለ መሥሪያ ቤት ማጣሪያ አንድ ቃል ልጨምር። በኮሪደር የቆመ ማጣሪያ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ባለጉዳይም፣ ዘበኛም፣ ኃላፊም ከእርሱ ይጠጣል፤ ቀኑን የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ኃላፊነት ይሰጠው። የከሰሉም መግዣ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው በጀት ውስጥ እንደ ወረቀትና እንደ ቀለም ቋሚ ወጪ ሆኖ ይያዝ። ሲያልቅ የሚጠየቅ ዕቃ ቢሆን ማለቁን የሚያስታውቅ ምልክት እንደሌለው አይተናል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ማጣሪያ የሌለው ሰው ውኃውን ይጠራጠራል፤ ስለ ተጠራጠረም አፍልቶ ይጠጣል። የጠገበ ከሰል ያለው ሰው ግን ጥርጣሬውን ትቶ ሳያፈላ ይጠጣል። ስለዚህ የጠገበ ማጣሪያ ያለው ቤት ምንም ማጣሪያ ከሌለው ቤት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ማጣሪያችሁ ሂዱና ቀን ተጽፎበት እንደ ሆነ ተመልከቱ። ቀኑ የታወቀ ከሆነ አስሉ፤ ቀኑ ያልታወቀ ከሰል ግን ጊዜው እንዳለፈ ይቆጠር። አዲሱ እስኪገዛ ድረስ አሮጌውን አውጥታችሁ ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ። አዲሱም በገባ ዕለት ቀኑን ሳትጽፉ ክዳኑን አትግጠሙ።